ሲስተር አንሶላ እና አንቀጽ አሥራ ሁለት

ትክክለኛ ስሟን የሚያውቁት የሰው ኃይል ክፍሉና እናቷ ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው ሁሉ ሲስተር አንሶላ ነው የሚላት፤ እርግጥ ፊቷን ዞር ስታደርግ ነው።

በቀዶ ሕክምና ክፍሉ ሃያ ሰባት ዓመት ስትሠራ የተጨማደደ አንሶላ አይታ ዝም ብላ ያለፈችበት ቀን የለም። ጥጉ እንደ ፖስታ ታጥፎ፣ ጥርት ብሎ ተወጥሮ ከፍራሹ ሥር መግባት አለበት። ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎች መርፌ ከመያዛቸው በፊት አንሶላ ማንጠፍ ይማራሉ። አንዴ አንዱ ተማሪ ደፈር ብሎ፣ «ሲስተር፣ ይሄ ሕክምና ነው ወይስ የሆቴል ሥራ?» አላት። ባዶ አልጋ ላይ አስተኛችው፣ ከጀርባው ሥር የተጨማደደ ጨርቅ አደረገችና ለሁለት ሰዓት እንዳይንቀሳቀስ አዘዘችው። ሲነሳ ጀርባው መስመር መስመር አውጥቷል። «አንተ ጤነኛ ነህ፤ የተኛኸውም ሁለት ሰዓት ነው። እሳቸው ሁለት ወራቸው ነው» ብላ አጠገቡ ወዳሉት ታካሚ ጠቆመችው። ያ ተማሪ ዛሬ ሌላ ሆስፒታል ውስጥ አለቃ ሆኗል። እሱም አንሶላ እየወጠረ ሰው ያስመርራል አሉ።

ቅጽል ስሙን ቤቷ ድረስ ያመጣባት ባሏ ነው። ባሏ ጡረታ የወጣ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነው። አንድ ቀን መነጽሯን ረስታ ስትሄድ ሊያደርስላት ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመና የባለቤቱን ስም ጠርቶ ጠየቀ። ጥበቃው ጭንቅላቱን አከከ፣ ወደ ላይ አየ፣ ወደ ታች አየ፣ በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እ… አንሶላን ነው?» አለው። ከዚያ ወዲህ ቤትም ውስጥ ስሟ ያው ሆነ።

ክፍሉ ሃያ አራት አልጋ አለው። ታካሚው ሠላሳ ዘጠኝ ነው። ትርፎቹ አሥራ አምስት ሰዎች በመተላለፊያው ግራና ቀኝ፣ ሲብስም በአልጋና በአልጋ መካከል፣ መሬት ላይ በተዘረጋ ፍራሽ ይተኛሉ። አልጋዎቹ እስከ ሃያ አራት ቁጥር አላቸው፤ ከሃያ አምስት እስከ ሠላሳ ዘጠኝ ያለው ቁጥር ደግሞ ግድግዳው ላይ በወረቀት ተለጥፏል። ነርስ ሁለት ነው። አንዷ ከታመመች አንድ። ሁለቱም ቢታመሙ ምን እንደሚሆን ማንም ጠይቆ አያውቅም፤ መልሱን መስማት የሚፈልግ ሰው አልነበረምና።

ሲስተር ይህንን ሁሉ ለምዳው ነበር። ከሦስት ወር በፊት ግን አንድ ነገር ሆነ። ጓደኛዋ ነርስ ታካሚ ይዛ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ወርዳ ሲስተር ብቻዋን ቀርታለች። ቁጥር አራት ላይ ያለው ሰውዬ ቁስሉ ተከፍቶ ሐኪም እስኪመጣ ድረስ በሁለት እጇ ተጭና ይዛዋለች። በዚያው ጊዜ በመተላለፊያው ጫፍ፣ ቁጥር ሠላሳ አንድ ላይ የተኛች ሴትዮ በብርድ ልብሷ ውስጥ ደም ይፈሳታል። ብርድ ልብሱ ወፍራም ነው፤ ሴትዮዋ ደግሞ ሰው ማስቸገር የማትወድ ዓይነት ነች። ሲስተር እጇን ታጥባ እሷ ጋ እስክትደርስ አርባ ደቂቃ አለፈ።

ሴትዮዋ በስንት መከራ ተረፈች። ከሆስፒታል ስትወጣ ሲስተርን አቅፋ ስማ፣ «እግዜር ይስጥሽ የኔ እናት፣ ሥራ በዝቶብሽ እንኳን አልረሳሽኝም» አለቻት። ሲስተርን እንቅልፍ የነሳት ደሙ አይደለም። ይሄ ምስጋና ነው።

የሆነውን ሁሉ ዘርዝራ ለሆስፒታሉ አስተዳደር ሪፖርት ጻፈች። በሳምንቱ መልስ መጣላት፦ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ። «ለወደፊቱ ለሁሉም ታካሚ በእኩል ጊዜ እኩል ትኩረት እንዲሰጡ» ይላል። ባሏ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበውና አጣጥፎ መለሰላት።

«አርባ አራት ሰው በሚይዝ አውቶቡስ ላይ ስልሳ ብጭን ትራፊክ ያስቆመኛል፣ ያስወርደኛል፣ መንጃ ፈቃዴንም ይወስዳል» አላት። «አንቺን የሚያስቆምሽ ማነው?»

«ማንም።»

«ታዲያ አንድ ሰው ይቁም እንጂ መንገዱ ላይ!»

የነርሶች ማኅበር ስብሰባ መሄድ የጀመረችው ያኔ ነው። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች፣ አትናገርም፣ ስብሰባው ሲያልቅ ወንበሮቹን ታስተካክላለች። ማኅበሩ በታካሚና በነርስ ቁጥር ጉዳይ ለጤና መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ መጻፍ ከጀመረ አራት ዓመቱ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» የሚል መልስ መጣ። በሁለተኛው ዓመት «በትኩረት በመታየት ላይ ነው»። በሦስተኛው «በልዩ ትኩረት በመታየት ላይ ነው»። የማኅበሩ ሊቀመንበር ይህንን እንደ ድል ቆጥሮ አባላቱን አስጨበጨበ። ሊቀመንበሩ ከሲስተር ጋር አብሮ የተማረ ነርስ ነው፤ ልቡ ቅን ነው፣ ግን ከስብሰባ ብዛት የተነሳ መርፌ ከያዘ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

በአራተኛው ዓመት ያልታሰበ ነገር መጣ። ምክር ቤቱ አዲስ የጤና አገልግሎት አዋጅ ሊያወጣ ሲል፣ ማኅበሩ የጻፈው ሐሳብ እንዴት እንደሆነ ሳይታወቅ ረቂቁ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። አንቀጽ አሥራ ሁለት፦ «በአስተኝቶ ማከሚያ ክፍል ለአንድ ነርስ ከስምንት በላይ ታካሚ አይመደብም።» አንድ መስመር ናት። ጤና መሥሪያ ቤቱ ይህችን አንድ መስመር ለማስወጣት አሥራ ዘጠኝ ገጽ ጻፈ። ሲጠቃለል፣ «ክፍሎቻችን ውስጥ የተጋነነ መጨናነቅ የለም፤ ቢኖርም ያልተጋነነ ነው» ይላል። የምክር ቤቱ የጤና ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ የማንን ይመን? ግራ ሲገባው፣ ሄደን በዓይናችን እንይ አለ። ዕጣው ለቀዶ ሕክምና ክፍሉ ደረሰ።

ሊቀመንበሩ ማክሰኞ ዕለት እየሮጠ መጣና ነርሶቹን ሰበሰበ።

«ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ይመጣሉ። ስሙኝማ! እጃችሁን ሰብስቡ። ምንም ነገር እንዳትነኩ። እንዳለ ይታይ! አራት ዓመት የጻፍነውን በአንድ ቀን ዓይናቸው ያነበዋል። ገባችሁ?»

ገባቸው። ከሁሉም በላይ ራሷን እየነቀነቀች የሰማችው ሲስተር ነች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ግን እጅ መታጠቢያው አጠገብ ግድግዳው ላይ አንድ ጠብታ አየች። የድሮ የቁስል ማጠቢያ መድኃኒት ጠብታ ነው፤ ቢጫ። ሁልጊዜም እዚያ ነበር። ሁለቴ አየችው፣ ሁለቴ አለፈችው። በሦስተኛው እርጥብ ጨርቅ አመጣች።

ባቡር የሚሏት ወጣት ነርስ፣ ስትራመድ መሬቱ ስለሚነዝር ነው ስሙ የወጣላት፣ ከኋላዋ መጥታ ቆመች።

«ሲስተር፣ እንዳለ ይታይ አልተባለም እንዴ?»

«እንዳለማ ይታያል። ይሄ ጠብታ ለምን ይታያል? አንቀጹ ውስጥ ስለ ጠብታ ተጽፏል?»

«አልተጻፈም።»

«ስለዚህ?»

ጠብታው ሲጸዳ በዙሪያው ያለው ግድግዳ ቆሽሾ ታየ። ግድግዳው ሲታጠብ መስኮቱ አሳፈረ። መስኮቱ ሲጠራ፣ በገባው ብርሃን ወለሉ ምን ይመስል እንደነበር ገሃድ ወጣ። ወለል ደግሞ ሰው ተኝቶበት አይታጠብም። ባቡር ሌላ ነገር ሳትናገር ባልዲ አነሳች።

ሐሙስ ጠዋት ሲስተር ስትገባ እረፍት ላይ ያሉት ነርሶች በሙሉ መጥተው አገኘቻቸው። ማንም አልጠራቸውም። ነጫጭ ልብሳቸውን ተኩሰው፣ ጫማቸውን ቀብተው፣ «እንግዳ ይመጣል ሲባል እንዴት ቤት እንቀመጥ?» ብለው ነው የመጡት። ሁለቱ የወሊድ ክፍሉን አንሶላ ተውሰው መጥተዋል። ባቡርና ሲስተር ሲጨመሩ አሥራ አንድ ሆኑ። በዚያ ክፍል አሥራ አንድ ነርስ በአንድ ላይ የታየው የክፍሉ መክፈቻ ዕለት ነው፤ ያኔም ለፎቶ።

የቀሩት መሬት ላይ ያሉት አሥራ አምስት ሰዎች ናቸው። ሲስተር መተላለፊያው መሃል ቆማ አየቻቸው። እንግዶቹ ሲያልፉ ይረግጧቸዋል ብላ አሰበች። በእውነትም ያሰበችው ይህንኑ ነው። ከመተላለፊያው ጎን ያለው፣ የማይንቀሳቀሱ የስፖርት ብስክሌቶች የተደረደሩበት የፊዚዮቴራፒ ክፍል ደግሞ ሐሙስ ጠዋት ባዶ ነው።

«ልጄ፣ ወዴት ነው የምትወስዱኝ?» አሉ ቁጥር ሃያ ሰባት ላይ የተኙት አናጢ። ከጣሪያ ወድቀው ዳሌያቸው የተሰበረ ሽማግሌ ናቸው።

«እዚችው ጎን አባባ፣ ለአንድ ሁለት ሰዓት። ፊዚዮቴራፒ ክፍል።»

«ብስክሌቶቹ ያሉበት? በዚህ እግሬ?»

«አይነዱትም አባባ፣ አጠገቡ ነው የሚተኙት።»

«አደራሽን። እኔ እንኳን ይሄንን፣ እውነተኛውንም አልችልበት።»

ልክ አራት ሰዓት ሲሆን አምስት የኮሚቴው አባላት ገቡ። የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ከፊት ከፊት እየሄደ በር ይከፍታል። ክፍሉን ሲያይ ራሱም ለቅጽበት ቀጥ አለ፤ ቶሎ ግን ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚል ፊት አበጀ። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ቁጥብ ያሉ ሴት ናቸው፣ ጣታቸውን በመስኮቱ ጠርዝ ላይ አስኬዱና ጣታቸውን አዩት። ምንም የለም። አልጋ ጥግ ላይ ጎንበስ ብለው የአንሶላውን እጥፋት ነኩ።

«እኔ ቤቴን እንዲህ አድርጎ የሚያጸዳልኝ ሰው ባገኝ!» አሉ።

ሲስተር ደስ አላት። ለአንድ ሙሉ ደቂቃ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ማንም ያልነገራትን ነገር የሰማች ሰው ደስ እንደሚለው ደስ አላት።

ደብተር የያዘው ረጅሙ የኮሚቴው አባል አልጋዎቹን በጣቱ እየቆጠረ ሄደ፣ ነርሶቹን እየቆጠረ ተመለሰ።

«ሃያ አራት ታካሚ፣ አሥራ አንድ ነርስ» አለ። «ለአንዷ ነርስ ሁለት ታካሚ ከምናምን።» ደብተሩ ላይ ጻፈ፣ አሰበ፣ ፊቱ በሐዘኔታ ጨፈገገ። «ክብርት ሰብሳቢ፣ ረቂቁ እኮ እስከ ስምንት ይላል! አንቀጹ ከጸደቀ እኮ የእነዚህ ልጆች ሥራ አራት እጥፍ ገደማ ሊጨምር ነው። ልንጎዳቸው ነበር!»

«እንዲያውም!» አለ ዳይሬክተሩ፣ እሱም ደንግጦ።

በዚህ መሃል ከግድግዳው ወዲያ «ትርርርር» የሚል ድምፅ ተሰማ። የብስክሌት ጎማ ነው። ከፍራሽ ላይ ሆኖ ፔዳሉን በእጁ የሚያሽከረክር ሰው ሳይኖር አይቀርም።

«ይሄ ምንድነው?» አሉ ሰብሳቢዋ።

«ፊዚዮቴራፒ ነው» አለች ሲስተር። አልዋሸችም።

ሊቀመንበሩ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ፊቱ የራጅ ፊልም መስሏል። እንግዶቹ እጅ ነስተው ሲወጡ እጇን ይዞ ወደ ዕቃ ክፍሉ ሳባት።

«ምንም አትንኩ አላልኩሽም?»

«አቧራ ብቻ ነው የነካሁት…»

«አቧራ! አሥራ አምስት ሰው ነው የጠረግሽው! አቧራ ትይኛለሽ እንዴ!»

ቤት ስትደርስ ለባሏ ነገረችው። ስትጀምር ሳቀ፤ ስትጨርስ ግን ሳቁ አልቆ ነበር።

«እኔም አድርጌዋለሁ» አላት። «ትራፊክ ከሩቅ ሳይ ‘ትርፎች፣ ጎንበስ በሉ!’ እላለሁ። ተሳፋሪው ይደፋል፣ ትራፊኩ ያያል፣ ወንበሩ ልክ ነው፣ እለፍ ይለኛል። ከዚያ ስልሳ ሰው ጭኜ ቁልቁለቱን እወርዳለሁ። ልዩነታችን ምን መሰለሽ? ትራፊኩን የጠራሁት እኔ አልነበርኩም።»

ዓርብ ጠዋት ዳይሬክተሩ ራሱ ወደ ክፍሉ መጣ፤ ይህም ክፍሉ ከተከፈተ ሦስተኛ ጊዜው ነው። በአንድ እጁ የምስጋና ወረቀት ይዟል፣ በሌላው የጥሪ ደብዳቤ።

«ሲስተር፣ አኮሩን። ሰኞ ኮሚቴው ለመጨረሻ ጊዜ አስተያየት ይሰማል። ጤና መሥሪያ ቤቱ በእርሱ ወገን እንዲናገሩለት እርስዎን መርጧል።»

«እኔን? ምን ብዬ?»

«ያየነውን ነዋ! አስተዳደር ካለ ቁጥር አያስፈልግም ብለው። አምስት ደቂቃ ናት፤ ሳያውቁት ታልቃለች።»

«እሺ» አለች ሲስተር። ለአለቃ እሺ ማለት ሥራው ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ግፊት እንደመለካት።

ቅዳሜና እሑድ ንግግር ልትጽፍ ሞከረች። «የተከበራችሁ» ብላ ትጀምርና ትቆማለች። እውነቱን ብትናገር ኮሚቴውን ያታለለች እሷ ነች፤ በሰው ፊት፣ በማይክሮፎን። ዝም ብትል አንቀጹ የሚወድቀው በእሷ አንሶላ ተጠቅልሎ ነው። እሑድ ማታ ወረቀቱ ላይ የነበረው «የተከበራችሁ» የሚለው ቃል ብቻ ነው፤ እሱም አራት ጊዜ።

ሰኞ ጠዋት በአንድ ሰዓት ሥራ ገብታ እንደ ወትሮው ከአዳሪዋ ነርስ ርክክብ አደረገች። ርክክብ ማለት ተረኛዋ ለተተኪዋ ታካሚዎቹን አንድ በአንድ የምታስረክብበት ነው፦ ይሄኛው ምን ሆኗል፣ ምን ይደረግለታል፣ ምኑን መጠበቅ አለብሽ። ሲስተር ሁልጊዜ በወረቀት ትይዘዋለች። ዛሬም ያዘች። ከዚያ ባቡርን አየቻት።

«ብቻሽን ልትሆኚ ነው እኮ።»

«ስንት ጊዜ ብቻዬን ሆኛለሁ ሲስተር? ዛሬ ቢያንስ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ይሂዱ!»

የምክር ቤቱ አዳራሽ ቀዝቃዛና ሰፊ ነው። ለአሥራ አንዱም የኮሚቴው አባላት ሁለት ሁለት ጠርሙስ ውሃ ተቀምጧል፤ ሦስት አስተናጋጆች ከኋላ ቆመዋል። ሲስተር ሳታስበው አባላቱን ለአስተናጋጆቹ አካፈለች። ለአንድ አስተናጋጅ አራት ሰው እንኳን አይሞላም፤ ደግሞ ሁሉም ጤነኞች ናቸው።

የጤና መሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ቀድሞ ተናገረ። ችግሩ የቁጥር ሳይሆን የአመለካከት መሆኑን በሠንጠረዥ አስረዳ። «ለዚህም ሕያው ምስክር አለን» ብሎ ወደ ሲስተር እጁን ዘረጋ። ዳይሬክተሩ ከሁለተኛው ረድፍ ፈገግ አለላት። ሊቀመንበሩ ከመጨረሻው ረድፍ መሬት መሬት ያያል።

ሲስተር ተነሳች። ማይክሮፎኑ ጮኸ፣ ደነገጠች፣ ጮኾ ሲያበቃ የያዘችውን ወረቀት ዘረጋች። «የተከበራችሁ» የተጻፈበት ወረቀት ቤት ቀርቷል። እጇ ላይ ያለው የርክክብ ወረቀቱ ነው።

«እኔ…» አለች። «ሐሙስ ያያችሁት ክፍል የእኛ አይደለም። እኔ ነኝ ያስዋብኩት። ማንም አላዘዘኝም። እንግዳ ስለሆናችሁ አፍሬ ነው። ከአሥራ አንዱ ነርሶች ዘጠኙ እረፍት ላይ ነበሩ። አሥራ አምስት ታካሚ ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ ደብቄባችኋለሁ። ብስክሌቱን ያሽከረከሩት እነሱ ናቸው።»

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላ ሰው ስላልተከተለው አቆመ።

«ንግግር አልችልም» አለች። «ርክክብ ግን እችላለሁ። ስለዚህ ክፍሉን ላስረክባችሁ። ተረኞቹ እናንተ ናችሁ። ቁጥር አንድ፣ ሐሞት ከረጢቱ ከወጣ ሦስተኛ ቀኑ፣ ትኩሳት ጀምሮታል፣ በየሰዓቱ ይለካል። ቁጥር ሁለት፣ በራሷ መገልበጥ አትችልም፣ በየሁለት ሰዓቱ ትገለበጣለች፣ ለመገልበጥ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ቁጥር ሦስት፣ ደህና ነው፣ ግን ደህና ነኝ ብሎ ይነሳል፣ እንዳይወድቅ ይጠበቅ…»

መጀመሪያ ላይ አባላቱ ይጽፉ ነበር። ቁጥር አምስት ላይ ሁለቱ እስክሪብቶ አስቀመጡ። ቁጥር ሰባት ላይ አንዱ የቁጥር ሦስትን ከቁጥር ስድስት ጋር ስላደባለቀው ከጎረቤቱ ሊገለብጥ አንገቱን ዘረጋ። ቁጥር ዘጠኝ ላይ ደወሉ ተደወለ።

«ሲስተር፣ ሰዓትዎ አልቋል» አሉ ሰብሳቢዋ።

«ክብርት ሰብሳቢ፣ ሠላሳ ሰው ይቀረኛል።»

«ይገባኛል፣ ግን አምስት ደቂቃ አልቋል።»

«አዎ። እዚያም የሚያልቀው እንዲሁ ነው።»

ከዳር የተቀመጠ አንድ አባል ሰዓቱን እያየ፣ «እህቴ፣ በአጭሩ ማጠቃለል አይቻልም?» አላት።

«ይቻላል» አለች ሲስተር፣ ከልቧ ልትተባበረው ፈልጋ። ወረቀቱን ወደ እሱ አዞረችለት። «የትኛውን ልዝለለው?»

ሰውየው ወረቀቱን አየ። ጠርሙሱን ከፈተ፣ ሳይጠጣ ከደነው።

«ማንንም» አለ ደብተር ያለው ረጅሙ ሰውዬ፣ በዝግታ። ሰብሳቢዋ ደወሉን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት።

ቀጠለች። ቁጥር ሃያ ሰባት ላይ፣ «አናጢ ናቸው፣ ሐሙስ ከብስክሌት ጋር የደበቅኳቸው» ስትል አሁን ሁሉም ሳቁ፤ ሰብሳቢዋም ጭምር። ቁጥር ሠላሳ አንድ ላይ ደረሰች። ዛሬ እዚያ የተኛው ትርፍ አንጀቱ የወጣ ጎረምሳ ነው፣ ደህና ነው፤ ይህንን አለች። ከዚያ ወረቀቱን ዝቅ አደረገችና ከሦስት ወር በፊት እዚያው ፍራሽ ላይ ስለነበረችው ሴትዮ ነገረቻቸው። አላስረዘመችውም።

«አርባ ደቂቃ» አለች። «ቁጥር አራት ላይ ነበርኩ። እጄን ባነሳ እሱ ይሞታል። ሳላነሳ እሷ ልትሞት ነበር። ከዚያ አመሰገነችኝ።»

የቀሩትን ስምንቱን አንብባ ስትቀመጥ የቆመችው ሃያ ሦስት ደቂቃ ሆኖ ነበር።

ድምፅ ተሰጠ። ስድስት ለአምስት፣ አንቀጽ አሥራ ሁለት እንዲቆይ። ከመጽደቁ በፊት ግን ከመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ «የማቀራረቢያ ሐሳብ» መጣና ስምንቱ አሥር ሆነ። ስምንት ከማን ጋር ተቀራርቦ አሥር እንደሆነ ለማንም ግልጽ አልነበረም፤ ሁሉም ግን የተቀራረበ ሰው ፊት ነበረው። ሊቀመንበሩ ከኋላ ረድፍ ዘልሎ ተነሳ፣ አጨበጨበ፣ ጥበቃው ተቀመጥ አለው፣ ተቀመጠ፣ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

መተላለፊያው ላይ ዳይሬክተሩ ጠበቃት። ፊቱ ቀልቷል።

«ሲስተር፣ ዛሬውኑ ቢሮዬ እንገናኛለን።»

«እሺ ጌታዬ። ክፍሉን የሚይዝልኝ ነርስ ሲልኩልኝ እመጣለሁ።»

የሚላከው ነርስ እንደሌለ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ፊቱን አዙሮ ሄደ። ሁለተኛው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በሳምንቱ ደረሳት፤ ባሏ ከመጀመሪያው ጋር አድርጎ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠላት።

ሰብሳቢዋ ፎቶ እንነሳ ብለው ሰው ልከውባት ነበር። ይቅርታ ጠይቃ ወጣች። ከሰባት ሰዓት ጥቂት አልፎ ክፍሏ ደረሰች። ባቡር ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጠችም፤ ፀጉሯ ከቆቡ አምልጦ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። በአንድ እጇ ግሉኮስ፣ በሌላው ፋሻ ይዛለች።

«እ? ሲስተር! አለፈ?»

«ኮሚቴው አሳልፎታል። ምክር ቤቱ ኮሚቴው ያሳለፈውን ጥሎ አያውቅም ይላሉ።»

«እልልል!» አለች ባቡር፣ ታካሚ እንዳይነቃ በሹክሹክታ። «ስምንት?»

«አሥር።»

«አሥርም ቁጥር ነው። እኛ ሁለት ነን፣ ሃያ ሰው።» መተላለፊያውን አየች። «እርስዎ በሌሉበት ሁለት ጨምረውብናል፤ አርባ አንድ ገብተናል። ሃያ አንዱስ?»

«አዋጁ ከወጣ ከስድስት ወር በኋላ ነው የሚሠራው» አለች ሲስተር፣ እጅጌዋን እየሰበሰበች። «እስከዚያ አንቺ ከበሩ ጀምሪ፣ እኔ ከመስኮቱ እጀምራለሁ።»